ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሦስት ጊዜ

ጥቅምት 4 ቀን

ለወንድሜ፣ ለሚዛን ጠጋኙ፤

እንደምን ሰነበትክ? እማስ እንዴት ሰነበተች? ጉልበቷስ? ሰላምታ ሲረዝም ዘልለህ ከመሃል እንደምትጀምር አውቃለሁ። ዝለል፤ እኔ ግን ካልጻፍኩት ያንቀኛል። ስልክ አላነሳም ብለህ የማልከው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ጣቴ እስኪዝል እጽፋለሁ፣ አንተም ዓይንህ እስኪዝል ታነባለህ።

የጠየቅከኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ኦቲዝም ነው አሉን። ሐሙስ ዕለት ነው የነገሩን። አልደነገጥንም ብልህ ዋሾ እሆናለሁ፤ ልጄ መኪና ውስጥ ገብታ አንድ ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። እኔ ግን እግሬ መሬት አልነካ አለ! የልጅ ልጄ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት አወቁላት! ምርመራውን ብታየው እኮ ሌላ ነው። ነጭ ጋውን የለ፣ ቁጣ የለ። ወጣቷ ዶክተር ምንጣፍ ላይ በሆዷ ተኝታ የሳሙና አረፋ እየነፋች ሁለት ሰዓት ሙሉ አብራት ተጫወተች። እናቷን "ውጪ" አላለቻትም፤ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከዚያ "ልጅቷ ምን ትወዳለች?" ብላ ጠየቀች። የድስት ክዳን አልናት፤ የቤቱን ክዳን ሁሉ ስለምታስተዳድር አይደል "ሹሟ" ያልናት! ዶክተሯ ቀጥ ብላ ከሠራተኞች ኩሽና አራት ክዳን ይዛ መጣች። ሹሟ አራቱንም ወለሉ ላይ ስታሾር የሳቀችውን ሳቅ ላንተ መላክ ብችል በፖስታ አሽጌ በላክሁልህ ነበር።

በመጨረሻ "በቤተሰቡ ሌላ ሰው ይኖር ይሆን?" አለችን። ማን ሊያስቆመኝ! "ወንድም አለኝ፣ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ የሚጠግነው ሚዛን ግራም አይስትም፣ ሊስሙት ሲሉ ይሸሻል። በአምስት ዓመቱ እዚሁ ሆስፒታል ስምንት ወር ተኝቷል፤ ያኔ ግን ሌላ ስም ነው የሰጡት" አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ "ፋይሉ ይገኝ ይሆን?" አለች። ለማን ነው የምትናገረው! እዚሁ መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አቧራ ለበላሁት ለእኔ! ምድር ቤት ያለው አሮጌ ፋይል ኮምፒውተር ውስጥ እየገባ ነው፤ ወረቀቱ ኅዳር ሲያልቅ ይወገዳል። ከዚያ በፊት አገኘዋለሁ።

ስለ እማ የጻፍክልኝ ግን አንጀቴን በላው። "ሕፃኗን ወደዚህ እንዳታመጧት። በወሯ አቅፌያታለሁ፣ ከእኔ ነው ያገኛት" አለች? አንድ ሐኪም ከሃምሳ ዓመት በፊት "ልጅሽን እንዲህ ያደረግሽው ፍቅር ነስተሽ ነው፣ ራቂው" ያላትን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክማው ትኖራለች ማለት ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው! ይህን ቃል እንደያዘች፣ ሹሟንም ሳታቅፍ ብታልፍብኝስ? አልፈቅድም። ፋይሉን ፈልጌ ያንን ቃል ከሥሩ እነቅለዋለሁ።

እህትህ

---

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰ። ሰላምታውን አልዘለልኩም። እግሬ መሬት አልነካም ብለሻል፤ እንዲያ ከሆነ ሚዛን ላይ ብትቆሚ ዜሮ ነው የሚያሳየው። (ይህ ቀልድ ነው።)

የእማ ጉልበት ጠዋት ያማታል፣ ከቀትር በኋላ ይሻላታል። ስለ ምርመራው ያልሽውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አረፋው ላይ ስደርስ ፈገግ አለች። "እናቷን አጠገቧ አስቀመጠቻት" የሚለውን እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። ከዚያ "ደግ ነው" ብላ ተነሥታ የታጠቡ ብርጭቆዎችን እንደገና አጠበች።

የላክሽውን የሹሟን ፎቶ በተመለከተ፦ አልተሰቀለም። እማ መሳቢያ ውስጥ በግንባሩ ደፍታ አስቀምጣዋለች። ግን መሳቢያውን በቀን አራት ጊዜ ትከፍተዋለች። ቆጥሬያለሁ። ሌላ የሚፈለግ ነገር መሳቢያው ውስጥ የለም።

እኔን ያኔ ምን እንደምወድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቁኝ የመስኮቱን ብረት እላቸው ነበር።

ፋይሉን ካገኘሽ ሙሉውን ላኪልኝ። ጎደሎ አልወድም።

ወንድምሽ

---

ጥቅምት 20 ቀን

ወንድሜ!

አገኘሁት! አገኘሁት! አለቃዬ "ሴትየዋ ምን ነካት" እስክትል ድረስ ምድር ቤት ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ!

ስምንት ቀን ሙሉ የፈለግኩት ግን በሞኝነት ነው። መጀመሪያ "ተሽሏቸው የወጡ" የሚለውን መደርደሪያ በረበርኩ፤ የለህም። "ወደ ሌላ የተዛወሩ" የሚለውን ገለበጥኩ፤ የለህም። በመጨረሻ ጥግ ላይ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ "ያለ ፈቃድ የወጡ" ከሚለው ሥር ቁጭ ብለሃል! የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ "እናት ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ፣ ዘበኛውን ገፍትራ፣ ልጁን በጀርባዋ አዝላ ሄዳለች።" አየህልኝ እማን? ዘበኛ ገፍትራ! ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ፍቅር የላትም ያሏት!

ከድካሜ ግን ሌላ ሀብት አገኘሁ። አንተን ስፈልግ የሃምሳ ዓመት ፎርም በእጄ አለፈ፤ ነገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከባዶ ቦታዎቹ አነበብኩት ብልህ ይሻላል። ባንተ ጊዜ ፎርም ላይ ኦቲዝም የሚል ቃል እንኳ የለም፤ "የልጅነት የአእምሮ መታወክ" ነው የሚለው። "የእናት ጠባይ" የሚባል ክፍል አለው፣ ግማሽ ገጽ! የአባት ጠባይ አንድ መስመር ነው፤ እሱንም የሞላው የለም። ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ኦቲዝም የሚለው ስም ብቅ ይላል፣ ግን ስስታም ነው። ከሠላሳ ወሩ በፊት ካልጀመረው፣ ቋንቋው ክፉኛ ካልዘገየ "አይደለም" ብለው ይመልሱታል። አንተ ያኔ ስለ ሰዓት ጥርሶች ለጎረቤት ሁሉ ስትተነትን በበሩም አታልፍም ነበር! የእናት ጠባይም ሦስት መስመር ላይ ወረደ። ቀጥሎ ደግሞ ለሚናገሩት ልጆች የራሳቸው ስምና የራሳቸው ፎርም ወጣላቸው።

የዛሬውስ? ሁሉም አንድ ጥላ ሥር ገብቷል። የሚጠይቀው ልጁ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው፣ ብርሃንና ድምፅ እንዴት እንደሚሰማው፣ ምን እንደሚወድ ነው። የእናት ጠባይ የሚለውን ዓይኔ እስኪፈስ ፈለግኩት። የለም! በቦታው "እናት ምን አስተውለዋል?" ይላል። ተከሳሿ ምስክር ሆነችልህ!

ሴቶቹንም ቆጠርኩልህ። ከድሮዎቹ መቶ ፋይል ውስጥ ሴቶች ስምንት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የት ሄዱ ብዬ ዶክተሯን ብጠይቃት "ዓይን አፋር ናት፣ ጨዋ ልጅ ናት እየተባሉ ወደ ቤታቸው" አለችኝ። ሹሟም ያኔ ብትወለድ "ጨዋ ልጅ" ተብላ ከነክዳኗ ትረሳ ነበር።

ቅጂውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ዶክተሯ አንተንም ብታይህ ደስ እንደሚላት ነግራኛለች፤ ዛሬ ትልቅ ሰውም ይመረመራል። አስብበት።

እህትህ፣ የመዝገብ ቤት ጀግና

---

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28 ቀን

እትዬ፣

የላክሽው አሥራ ሦስት ገጽ ነው። የገጽ ቁጥሩ ግን እስከ 22 ይሄዳል። ገጽ 7 የለም። ከ14 እስከ 21ም የለም። ገጽ 6 "ቀጣዩን ገጽ ይመልከቱ" ብሎ ያበቃል። ተመለከትኩ። የለም።

ረስቼው ነው እንዳትዪኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አቧራ የበላሽ ሴት ነሽ።

ስለ ፎርሞቹ የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ደንበኞቼ ሚዛኑ ሲሳሳት መጀመሪያ ዕቃውን ነው የሚጠረጥሩት፤ ዱቄቱ እርጥበት ይዟል፣ ከረጢቱ ተቀዷል ይላሉ። እኔ የሚዛን ድንጋዬን አስቀምጬ ሳሳያቸው ነው የሚያምኑኝ። ሐኪሞቹም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሚዛኑን ሲያስተካክሉ ኖረዋል ማለት ነው። እኔ ግን ያው ነኝ።

ዶክተሯ ልታየኝ ትችላለች። ጋውን አታድርግ።

እማ ፖስታውን አይታ "ምንድን ነው?" አለችኝ፤ "ፋይሌ ነው" አልኳት። "ስለ እኔ ምን ይላል?" አለችኝ። ገጽ 7 ስለሌለ "አላውቅም" አልኳት። እውነት ነው፣ እሷ ግን አላመነችኝም። ራት አልበላችም። ከተጻፈው ይልቅ ያልተላከው ገጽ ነው የሚያስፈራት። ላኪው።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 4 ቀን

ይቅር በለኝ ወንድሜ። አንተን ላታልል መነሣቴ ራሱ ያሳፍራል። ከማንም ሳይሆን ከገጽ ቁጥር መደበቅ አቃተኝ።

ገጽ 7ን ያስቀረሁት እማ እጅ ቢገባ ብዬ ፈርቼ ነው። "የእናት ጠባይ" የሚለው ክፍል ነው። በሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "እናት ልጁን አስተኝታ ስትሄድ አልሳመችውም፣ አላቀፈችውም። ጠረጴዛውን በጣቷ ሦስት ጊዜ አንኳኩታ ወጣች። ስሜት የላትም። የሕመሙ ምክንያት ይህ ነው። መጥታ እንዳትጠይቀው ተከልክላለች።"

ደሜ ፈላ! እኛ ቤት እኮ ማንኳኳት መሳም ነው! መሳም እርጥብ ነው እያልክ ስትጮህ፣ "በል እሺ፣ ኳ ኳ ኳ ስልህ ሳምኩህ ማለት ነው" ብላ ራሷ የፈጠረችልህ ነው። አንተም ሦስት ጊዜ መልሰህ ታንኳኳላት ነበር፤ እኔ በስምንት ዓመቴ እቀናባችሁ ነበር። ሰውየው ዓይኑ ሥር ሲሳሳሙ አይቶ አልተሳሳሙም ብሎ ጻፈ!

ከ14 እስከ 21 ያለውን ያስቀረሁት ደግሞ እኔው ራሴ ስላልቻልኩት ነው። የአስታማሚዋ ነርስ የየዕለት መዝገብ ነው፤ ሁለት መቶ አርባ አንድ ቀን። በየቀኑ፣ በየቀኑ እንዲህ ይላል፦ "ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ የመስኮቱን ብረት ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ትርጉም የለሽ ድግግሞሽ።" አንድ ፍሬ ልጅ እናቱን ስምንት ወር ሙሉ ሲጠራ፣ የሚመልስለት አጥቶ! እንባዬ ወረቀቱ ላይ ዱብ ዱብ ሲል ወረቀቱን አሽሽቼ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ።

ለዶክተሯ አሳየኋት። "አሁን ትርጉም የለሽ ብለን አንጽፍም፤ ልጁ ከማንኳኳቱ በፊት ምን እንደተፈጠረ ነው የምንጠይቀው" አለችኝ። ስለዚህ ያኔ ያልጠየቁህን እኔ ልጠይቅህ። ለምን አሥር ሰዓት ላይ? ካላስቸገረህ ብቻ መልስልኝ።

እህትህ

---

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን

እትዬ፣

አያስቸግረኝም።

እየጠራሁ አልነበረም። እየመለስኩ ነበር።

እማ ሁልጊዜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከአጥሩ ውጭ ትመጣ ነበር። በቤታችን ቁልፍ የአጥሩን ብረት ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነበርኩ። መስኮቱ ከቁመቴ በላይ ስለሆነ አላያትም፤ መንገዱ ላይም ብዙ ድምፅ አለ፤ የሷን ግን ለይቼ አውቀዋለሁ። ትልቁ ቁልፍ ነው፣ ጥርሱ አንዱ ተሰብሯል፣ ሁለተኛው ምት ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ እኔ የመስኮቱን ብረት በጣቴ ሦስት ጊዜ እመታለሁ። ከዚያ ቀኑ ያልቃል።

ስለዚህ አታልቅሺ። በየቀኑ ተስሜያለሁ።

ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። እማ ደግሞ ያንኳኳችው ራሷ ስለሆነች ታውቃለች ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። በጣት የተመታ ብረት ከሦስተኛ ፎቅ እስከ መንገድ አይሰማም። የኔን መልስ ሰምታው ላታውቅ ትችላለች።

ልንገራት? ሰው ሲነገረው ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 16 ቀን፣ በፈጣን መልእክት

ንገራት! ንገራት! ንገራት!

እኔ ነኝ ደደቧ! እማ ያኔ ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ "ገበያ ደርሼ መጣሁ" ትልና ቅርጫቷን ባዶውን ይዛ ትመለስ ነበር። እኔ ደግሞ "ይህቺ ሴት ገበያ አታውቅበትም" እያልኩ ለአክስታችን አማኋት! ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሽንኩርት ሳትገዛ ስትመለስ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ጉድ ነው፣ ጉድ!

ወንድሜ፣ አየኸው? ልትከሰስበት የተጻፈው ወረቀት ጠበቃዋ ሆኖ ወጣ! አንድም ቀን ሳትቀር እንደመጣች፣ አንተም እንደሰማሃት የመሰከረላት ያው የሆስፒታሉ መዝገብ ነው፣ ከነሰዓቱ! ዶክተሯ ስነግራት እንደ ልጅ ዘለለች። አለቃዬም ዋናው ፋይል ከማስወገድ ይልቅ ለቤተሰብ እንዲሰጥ ፈርማልኛለች፤ እንኪ አለችኝ፣ በገዛ እጇ! ቅጂ አይደለም የላክሁልህ፤ ራሱን ነው። ገጽ 7ም አለ፣ ከ14 እስከ 21ም አለ። ቁጠረው፣ ሃያ ሁለት ነው። ዛሬ ጎደሎ የለብኝም።

አንብብላት። እንደ አንተ አድርገህ አንብብላት፤ ሳታስውብ፣ ሳትዘል። ከዚያ ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ። ሁሉንም! እንዴት እንደተቀመጠች ሳይቀር! ልጄ እዚህ ሻንጣ አዘጋጅታ ቁጭ ብላለች፤ ሹሟን ለማምጣት የምንጠብቀው ያንተን መልስ ብቻ ነው።

እህትህ

---

እሑድ፣ ኅዳር 22 ቀን

እትዬ፣

ሃያ ሁለቱም ገጽ ደርሷል። ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ጉልበቷ ሲሻላት አነበብኩላት። እማ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ።

ገጽ 7ን መጀመሪያ አነበብኩ፤ ከ14 ይቀድማል። "እውነቱን ነው፣ አልሳምኩህም" አለች። "መሳም እርጥብ ነው" አልኳት።

ከዚያ ገጽ 14ን ጀመርኩ። በሃያኛው ቀን ላይ "ቆይ፣ ይሄ በየቀኑ የምትመታው ምንድን ነው?" አለችኝ። "መልስ ነው" አልኳት። "የምን መልስ?" አለች። "የቁልፍሽ" አልኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ላቁም ብላት ራሷን ነቀነቀች፤ ስለዚህ ቀጠልኩ። ሁለት መቶ አርባ አንዱንም ቀን አነበብኩላት። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ወሰደ።

ስጨርስ "ሁሉንም ቀን መታህ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። "ሦስት ቀን ጎድሏል፤ መቶ አሥራ ሁለተኛው፣ አሥራ ሦስተኛውና አሥራ አራተኛው ቀን ላይ አስታማሚዋ 'ዛሬ አላንኳኳም' ብላለች። እኔ ካልተጠየቅኩ አልመልስም።" እማ ሦስቱን ቀን እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት። ከዚያ "ትኩሳት ጥሎኝ ሦስት ቀን ቀርቼ ነበር" አለች። "እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።"

አንድም ቀን ሳትቀር ያልሽው ትክክል አልነበረም። ግን የጎደለው ራሱ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ስምንት ደቂቃ አለቀሰች። ሐዘን ይሁን ደስታ መለየት ስላልቻልኩ ጠየቅኳት፤ "ደስታ ነው፣ ተወኝ" አለች። ለምን እስከ ዛሬ ጠይቀሽኝ አታውቂም አልኳት። "አልሰማሁም እንዳትለኝ ፈርቼ" አለች።

ከዚያ ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች። የሹሟን ፎቶ አወጣችው፤ ከአንድ ኪሎው የሚዛን ድንጋዬ ጋር አስደግፋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ድንጋዩን ለሥራ እፈልገዋለሁ፣ ግን አልጠየቅኳትም። ሌላ እገዛለሁ።

ሹሟን አምጧት ብላለች። ቅዳሜ ይሁን ብላለች። የቤቱን ድስት ክዳኖች አጥባ በመጠን ደርድራለች፤ ሰባት ናቸው። ከጎረቤት ሁለት ተውሳ ዘጠኝ አድርጋለች። "ማንኳኳት ባትወድስ?" አልኳት። "የሷን እሷ ታስተምረኛለች። ጊዜ አለኝ" አለች።

ደብዳቤውን ልጨርስ ስል እማ መጥታ ለማን ነው አለችኝ። ላንቺ ነው አልኳት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና ሦስት ጊዜ አንኳኳችበት። ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው የጻፍኩልሽ።

ወንድምሽ